የልጄን ሽማግሌዎች በፖከር ዐይን ያየሁ ዕለት

ዛሬ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ያደረግሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ምስክር ሆና ተቀምጣለች። እራትም አልቀረበልኝም።

ስለዚህ እውነት ነው!

ይህን ገጽ የምትከታተሉ አብዛኞቻችሁ እዚህ ዲላ ሒሳብ ያስተማርኋችሁ ናችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰውን በቀላሉ እንደማላምን ታውቃላችሁ። በፈተና ቀን ድምፅ የማያሰማ ጫማ አድርጎ በኋላ በር የሚገባው መምህር ትዝ ይላችኋል?

አዎን፣ ያው ሰውዬ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከዲሽ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምሽት ላይ ቴሌቪዥኑ የባለቤቴ የአስናቀች ነው። ለእኔ የሚተርፈኝ ከሰዓት በኋላው ብቻ ነው። ከስድስት ወር በፊት የዲሽ ሠራተኛው የእግር ኳስ ቻናል ሊፈልግልኝ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ሲያዞር፣ ድንገት አንድ አረንጓዴ ጠረጴዛ ብቅ አለ። በዙሪያው ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱም አይናገርም። ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል።

«እዚያው ላይ ተወው!» ብዬ ጮህሁ።

ፖከር ነበር። የካርታ ጨዋታ።

ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ። ቁማር አልጫወትም! በዕድሜዬ ካርታ በእጄ ይዤ አላውቅም። ልቤን የሰረቀው «ብለፍ» የሚሉት ነገር ነው። በእጁ የረባ ካርታ የሌለው ሰው እንዳለው ሆኖ ይቀመጣል። የሚደፍረው ከጠፋ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ታዲያ እንዲህ ሲያስመስል አንዲት ምልክት ታመልጠዋለች። አንዱ ምራቁን ይውጣል። አንዱ ጆሮውን ይነካል። አንዱ እግሩን ይሰበስባል።

እኔ ደግሞ አያታለሁ!

«ይህ ሰው ይዋሻል» እላለሁ፣ ሶፋዬ ላይ ብቻዬን ሆኜ። ሲዋሽ ይገኛል። «ይህኛውስ የምር ይዟል።» ይዞ ይገኛል። ወር ሳይሞላኝ ከተንታኞቹ መቅደም ጀመርሁ። እስከዚህ ዕድሜዬ ተደብቆ የኖረ ስጦታ እንዳለኝ ገባኝ።

ስጦታውንም ይዤ ወደ ከተማ ወጣሁ።

አቮካዶ ሻጯ «ነገ ይበስላል» ስትለኝ የነጠላዋን ጫፍ ነካች። ውሸት! የባጃጁ ሹፌር «በዚያ በኩል መንገዱ ተዘግቷል» ሲለኝ በመስተዋቱ አላየኝም። ውሸት! የቀድሞ ባልደረባዬ «ደህና ነኝ» ሲለኝ ዐይኑን ሁለት ጊዜ አርገበገበ። እሱም!

ሁሉንም በአንድ ጥቁር ማስታወሻ ደብተር መዘገብሁ። ትክክል መሆኔን ማንም አላረጋገጠልኝም፤ ሆኖም ከእያንዳንዱ ስም ጎን በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት አደረግሁ።

ራሱን ፈትኖ ራሱን ያረመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ ይኸውላችሁ።

ወደ ዛሬው ልምጣ።

ልጄን መቅደስን ታውቋታላችሁ። አዋላጅ ናት፤ የብዙዎቻችሁን ልጆች በእጇ ተቀብላለች። ታምራት የሚባል ወጣት ትወዳለች። ወርቃ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት አጎቱ፣ የኢዲዶው ገበሬ አቶ በራሶ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሰው።

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አቶ በራሶ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ልጄን ሊጠይቁኝ መጡ።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎች ቆመው ይጠይቃሉ። የልጅቷ አባት ቶሎ እሺ አይልም። «ዘመድ ላማክር፤ ተመልሳችሁ ኑ» ይላል። እነሱም ተመልሰው ይመጣሉ። በመጨረሻ እሺ እንደሚል ያውቃሉ፤ እንደሚያውቁም እሱ ያውቃል። ግን ማንም በፊቱ ላይ አያሳይም።

እስቲ ፍረዱኝ፦ ይህ ፖከር አይደለም ትላላችሁ?

ዛሬ ጠዋት «ነው» ብዬ አሰብሁ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

ሦስቱ ሰዎች በሳሎኔ መካከል ቆሙ። ለስላሳው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። መቅደስ ለዛሬ ብላ ያሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ማድቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ትጠብቃለች።

«ቲቸር፣» አሉ አቶ በራሶ፣ «የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን ለታምራት እንዲሰጡን ልንለምን ነው።»

ይህን ብለው የኮታቸውን የደረት ኪስ ነኩ።

አየሁ!

ስለ ልጁ ጠባይ ጠየቅኋቸው። መለሱ። ኪሳቸውን ነኩ። ስለ ሥራው ጠየቅሁ። መለሱ። እንደገና ኪሳቸውን! በዚያ ላይ አንዱን ጫማቸውን ከሌላው ጫማቸው በስተኋላ ሊደብቁ ይሞክራሉ። ዐይናቸው ደግሞ በየጊዜው ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

ኪስ። እግር። ዐይን። ሦስቱም ምልክቶች ባንድ ሰው ላይ! ጥቁር መነጽር ካደረጉት ሰዎች መካከል እንኳ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም።

ወርቃ ውስጥ ሌላ ሚስት አለው አልሁ በልቤ። ልጅም ሳይኖረው አይቀርም። መንታ።

«አቶ በራሶ፣» አልሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የደበቁኝ ነገር አለ።»

ሰውዬው ደነገጡ። መዋሸት የማያውቁ ሰው ናቸውና ክፉኛ ደነገጡ። የአጠገባቸውን ሽማግሌ አዩ፤ ሽማግሌው ደግሞ ወለሉን አዩ።

«ደብቀናል እንኳ አይባልም፣ ቲቸር» አሉ። «ትንሽ ነገር ናት።»

ትንሽ ነገር! ሰማችሁ? አመኑ እኮ!

በፕሮግራሙ ላይ እንዲህ ያለ ሰዓት ሲመጣ ጎበዙ ተጫዋች ያለውን ሁሉ ወደ መካከል ይገፋል። «ኦል ኢን» ይሉታል። የሚያስመስለው ሰው ያን ጊዜ ይርበተበታል፤ እውነቱም ይወጣል። እኔም የነበረኝን ሁሉ ገፋሁ።

«እንግዲያው አይሆንም! ልጄን አልሰጥም!»

አስባችሁታል? «ተመልሳችሁ ኑ» አላልሁም። «ዘመድ ላማክር» አላልሁም። «አይሆንም» አልሁ። እሳቸው ተርበትብተው ስለ ወርቃዋ ሚስት እንዲነግሩኝ ነበር የጠበቅሁት።

አቶ በራሶ አልተርበተበቱም።

«እሺ፣ ቲቸር። ሰምተናል» አሉና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ሦስቱም ወጡ። ለስላሳው ሳይከፈት ቀረ።

አንድ ደቂቃ ያህል አሸናፊ ነበርሁ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ሆኖም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አሠራሩን አሳዩ» እያልሁ ነጥብ የቀነስሁባችሁ ሰው ነኝና አልደብቅም። ሶፋዬ ላይ ተደግፌ ፈገግ ብያለሁ።

ከዚያ የማድቤቱ በር ተከፈተ።

«ምን አደረግህ፣ አንተ ሰውዬ?» አለች አስናቀች።

«አስመሳዮች ናቸው። ኪሳቸውን ሲነኩ አላየሽም?»

«ስልካቸው እየጠራ ነዋ! ድምፁን አጥፍተውት ሲንቀጠቀጥ ማድቤት ድረስ ይሰማል!»

«እኔ አልሰማሁም።»

«አንተ ምን ትሰማለህ! ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ ሦስት ዓመቴ!»

ቀስ ብላ መቅደስ ወጣች። «ታምራት ነበር አባዬ» አለች። «በመስኮቱ በሚታየው ማዞሪያ ላይ ባጃጅ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚጠብቀው። ‹ምን አሉ? ምን አሉ?› እያለ ይደውልላቸዋል። በሽምግልና ቀን ሙሽራው ቅርብ ከታየ ነውር ነው ብለው ነው የደበቁህ።»

ትንሿ ነገር ይቺ ነበረች።

«እግራቸውስ?» አልሁ። አሁንም አልተሸነፍሁም!

«ጭቃ» አለች አስናቀች። «ከኢዲዶ በሞተር ነው የመጡት። ወለሌን እንዳያበላሹብኝ ነው፣ የተባረኩ።»

መቅደስ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ወደ ክፍሏ ገብታ ሰማያዊውን ቀሚስ ለውጣ ወጣች። ቀሚሱን በጥንቃቄ አጥፋ ወደ መጣበት ፌስታል መለሰችው።

«ፊት ታነባለህ አይደል? የእኔን አንብበው እስቲ» አለችኝ።

አየሁት። ያቺን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ። ረዘም ላለ ጊዜ አየሁት።

«ተቆጥተሻል» አልሁ።

«አይደለም። ፈርቻለሁ። አቶ በራሶ አንዴ ከተነሡ አይመለሱም፤ ታምራት ደግሞ ያለ እሳቸው ፈቃድ ምንም አያደርግም።»

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«አባዬ፣ ቴሌቪዥኑ እኮ ካርታቸውን ያሳይሃል። ገና ሳይጫወቱ፣ ከታች።»

ሄደች።

እኔ እዚያው ቀረሁ።

ከታች!

እውነት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የያዘውን ካርታ ከስክሪኑ ግርጌ ላይ በሥዕል ያስቀምጡታል። የማሸነፍ ዕድሉን እንኳ በፐርሰንት አስልተው ይጽፉታል። እንደ ሒሳብ መምህርነቴ ስሌቱን አደንቅ ነበር! ተጫዋቾቹ አይታያቸውም። ለእኔ ይታየኛል። ስድስት ወር ሙሉ መጀመሪያ ግርጌውን አያለሁ፣ ቀጥሎ ፊቱን አያለሁ፣ ከዚያ «ይዋሻል» እላለሁ።

ይህ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል? አትፍሩ፣ ጻፉት።

ኩረጃ!

ግን ሳይፈተን የሚፈረድበት ሰው መኖር የለበትም። የአንድ ካርቶን ክዳን ቆርጬ በፕላስተር የስክሪኑን ግርጌ ሸፈንሁ። ወረቀት አዘጋጀሁ። ሃያ ጊዜ ገመትሁ፤ ከእያንዳንዱ ግምት በኋላ ካርቶኑን እየገለጥሁ አረምሁ።

ከሃያው ስምንቱን ብቻ አገኘሁ።

ሳንቲም ብወረውር ወደ አሥር ገደማ ባገኘሁ ነበር! የእኔ ስጦታ ከሳንቲም ያነሰ ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ወላጅ ይዘህ ና» ብዬ ልጽፍበት ቃጣኝ፤ ወላጆቼ ግን በሕይወት የሉም።

ከዚያ የመጣብኝ ሐሳብ ግን አላሳቀኝም። በእነዚያ የፈተና አዳራሾች ውስጥ «ፊትህ ይናገራል፣ ውጣ» ያልኋቸው ልጆች ነበሩ። ወረቀት ያልተገኘባቸው። ፊታቸውን ብቻ አይቼ።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያስወጣሁት ካለ ይጻፍልኝ። በሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የእውነት ኮርጆ የነበረ ግን ዝም ይበል፤ ዛሬ የእሱ ቀን አይደለም።

ልብሴን ለበስሁ። ሰባት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ይርጋጨፌ ወረድሁ። ከዚያ በሞተር ወደ ኢዲዶ። ሞተረኛው «መንገዱ ደህና ነው» አለኝ። ጠረጠርሁት። መንገዱ ደህና ነበር!

አቶ በራሶ ከቤታቸው ጀርባ፣ በእንጨት አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ያገላብጡ ነበር። ሁለት ሴቶች አጠገባቸው ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ሲያዩኝ እጃቸው ቆመ።

ቁጭ በል ያለኝ የለም። ቆምሁ። እንግዲህ ሽማግሌ እንዴት እንደሚቆም ዛሬ ተማርሁ። ጉልበት ይጠይቃል።

«ቲቸር» አሉ አቶ በራሶ። «ብቻዎን ነው?»

«ብቻዬን።»

«ሽማግሌ የለም?»

«የለም። ልለምን ነው የመጣሁት። ጠዋት የተናገርሁት ስሕተት ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ ለሌላዋ በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለቻት። ሁለቱም ወደ ቡናው አጎነበሱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሴት ልጅ አባት «ልጄን ተቀበሉኝ» ብሎ ሲመጣ ማየት ለእነሱም እንደ እኔ የመጀመሪያቸው ነው።

«ምንድን ነው ያሳሳተዎት?» አሉ አቶ በራሶ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ እውነቱን ተናገርሁ።

«ፖከር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በቴሌቪዥን።»

«ምን ዓይነት ፕሮግራም?»

«ሰዎች ካርታ ይጫወታሉ።»

«ቁማር?»

«ቁማር... አዎን፣ ቁማር ነው። ግን አልጫወትም! አያለሁ ብቻ።»

«ስንት ጊዜ ያያሉ?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«ሁልጊዜ?»

«ከእሑድ በቀር።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ማገላበጫውን እንጨት ከቡናው አልጋ ጠርዝ ላይ አስደገፉት። እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ።

«ቲቸር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጠዋት የደበቃችሁኝ ነገር አለ አሉን። እኛ ደበቅን፤ ባጃጅ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ደበቅን። እርስዎ ደግሞ ቁማር ደበቁን።»

በሕግ፣ በሒሳብ፣ በሥርዓት፣ በሁሉም ልክ ናቸው! ሳሎን ውስጥ አንድ አስመሳይ እንዳለ ጠርጥሬ ነበር። ነበረ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ልጅቷን እንወዳታለን» አሉ አቶ በራሶ። «የእኅቴን ልጅ ያዋለደችው እሷ ናት። ስለ ቤተሰቡ ግን ዘመድ እናማክር። ቅዳሜ ተመልሰው ይምጡ። ያኔ ሽማግሌ ይዘው።»

ተመልሰው ይምጡ!

ይህን ሲሉ የከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ የተነሣች መሰለኝ። ፈገግታ ነበር? የከሰዓቱ ፀሐይ ፊታቸው ላይ ወድቆ ነበር? ልማዱ ነው እንዲህ ያስባላቸው ወይስ ከልባቸው ነው? ትኩር ብዬ አየሁ። ሳላስበው ዐይኔ ወደ ታች፣ ወደ ግርጌው ሄደ።

ግርጌው ላይ ጭቃ የነካው ጫማቸው ብቻ ነበር።

ወደ አስፋልቱ የመለሰኝ ታምራት ራሱ ነው። በሞተር። ከጓሮ ወጥቶ አጎንብሶ ሰላም አለኝ። «ጋሼ፣ አጥብቀው ይያዙኝ» አለና ተነሣን።

ጃኬቱን እንደ ያዝሁ እጄ ሥር አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ። ቆመ። እንደገና ተንቀጠቀጠ።

በጆሮዬ ባልሰማው በእጄ ሰማሁት!

«ስልክህ ነው» አልሁት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«መቅደስ ናት?»

«እሷ ናት። ከወጣን ጀምሮ ሳታቋርጥ።»

«አንሣዋ።»

ሞተሩን ጥግ አስያዘና አጠፋው። ስልኩን ይዞ ዞር ብሎ አየኝ። «ምን ልበላት?»

«ተመልሰው ይምጡ ተባሉ በላት።»

ነገራት። ከስልኩ ውስጥ የወጣውን ድምፅ እኔም ሰማሁት። ሳቅ ይመስላል። ልቅሶም ይመስላል። ታምራትን «የቱ ነው?» ብዬ ለመጠየቅ አፈርሁ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ በጣም ቀስ ብሎ ያወራት ጀመር። ስለዚህ እኔ ከአጠገባችን ያለውን የእንሰት ቅጠል ሳጠና ቆየሁ።

እንግዲህ እንዲህ ዋልሁ። ሰማያዊው ቀሚስ አሁንም ፌስታሉ ውስጥ ነው። ሪሞቱ አስናቀች እጅ ነው። ጥቁሩን ደብተር ከፍቼ የራይቱን ምልክቶች አንድ በአንድ እየሰረዝሁ ነው። ከአቮካዶ ሻጯ ጀምሬያለሁ፤ አቮካዶው በማግሥቱ በስሎ ነበር።

ለቅዳሜ ሦስት ሽማግሌ እፈልጋለሁ። የልጅቷ ወገን ሽማግሌ መላኩ እንግዳ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ አታስታውሱኝ። ጉልበታቸው ቆሞ የሚጠብቅ፣ ጫማቸው ጭቃ የማይፈራ፣ ስልካቸውን ቤት ትተው የሚመጡ ቢሆኑ እመርጣለሁ። ፖከር ያየ ባይመጣ።

«እኔ አለሁ፣ ቲቸር» ብላችሁ ከታች ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አስጨንቆኛል፦ «አለሁ» ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ከልቡ መሆኑን በምን አውቃለሁ?